የቦቃዋ ላም ምስክር

በሮቢት በኩል እህሉን ወፍጮ ቤት ጥሎ የሚሄድ ሰው የለም። ሁሉም ወረፋው ደርሶ ዱቄቱ ጆንያ እስኪገባ አጠገቡ ይቆማል፤ ባለወፍጮውም በዚህ አይቀየምም። ሀስና ግን ዱቄቱ ከገባ በኋላም እጇን ሰድዳ ትዘግናለች፣ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች። "የኔ ማሽላ እንዲህ አይሸትም" ብላ ባለወፍጮውን ከወፍጮው እኩል ያስጮኸችበት ቀን ብዙ ነው። ሰው አታምንም። ባሏ በሕይወት ሳለ እሱንም እምብዛም አታምነው ነበር ይባላል፤ ሰውየው ግን ትዕግሥተኛ ስለነበረ እየሳቀ ኖሮ እየሳቀ ሞተ።

ስለዚህ የቆቦው ኤፍሬም "ዲስኩ ተጎድቷል፤ ግን ውስጡ ያለው ምናልባት ሊወጣ ይችላል" ብሎ ሲነግራት መጀመሪያ ያሰበችው፣ ይሄ ልጅ ተገዝቷል ብላ ነው።

ኤፍሬም በቆቦ ዋናው መንገድ ዳር ሞባይል የሚጠግን፣ ሰርግም የሚቀርጽ ጎልማሳ ነው። የሀስናን አንድ ልጅ የራዊያን ኒካህ፣ ከጦርነቱ በፊት የቀረጸው እሱ ነበር። የኒካሁ ለት የሙሽራው አባት አያ ይማም፣ ለመህር፣ ለሙሽራዋ ጥሎሽ፣ የሰጧትን ቦቃ ላም እዚያው ሀስና ደጅ ድረስ አስነድተው በሰው ፊት አሳዩ። ሀስና ከሴቶቹ ዳስ ሆና በዓይኗ አይታታለች። ግንባሯ ላይ የጀመረው ነጭ እስከ አፍንጫዋ ወርዶ፣ ታይታ የማትጠገብ ላም ነበረች። ላሟ ተመልሳ ክረምቱን በአያ ይማም በረት ከረመችና መስከረም ላይ ወደ ሀስና ደጅ ስትነዳ ግን ነጩ ከዓይኖቿ መሀል ላይ ቀርቷል። ነጭ ጠጉር ደግሞ የክረምት ዝናብ አጥቦት አይሄድም። ሀስና ዞራ ዞራ አየቻትና ላሟ ተለውጣለች አለች።

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። ሀስና በሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ ጣቷን ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ ጫፍ እየሳበች "እስከዚህ ነበር፤ ወላሂ እስከዚህ" አለች። አያ ይማም ደግሞ ላሟ ያችው ናት ብለው ማሉ። ለምስክርነት የተጠሩት ሁሉ ወይ የአያ ይማም ዘመዶች ነበሩ፣ ወይ "ላም መሆኗን ነው እንጂ ሌላውን ልብ አላልንም" ባዮች። ሽማግሌዎቹም "ምስክርሽን አምጪ፣ አለዚያ ይቅርታ ጠይቂ" አሏት። ሀስና ሁለቱንም ትታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አያ ይማምን ሌባ አለቻቸው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ራዊያ እናቷ ደጅ አልረገጠችም። ሌባ ከተባለ ቤት አግብታ፣ የባሏ አባት እየተሰደቡ፣ በምን ፊቷ ትምጣ? ኢቅራ የምትባል ሴት ልጅ ወልዳለች። ሀስና የልጅ ልጇን የምታያት ሮቢት ገበያ ላይ፣ ከሩቅ፣ በሰው ጀርባና በጆንያ መሀል ነው። አንድ ጊዜ ብስኩት ገዝታ ልትሰጣት ጠጋ ስትል ራዊያ ልጇን ይዛ በሌላ በኩል ዞረች። ብስኩቱን ሀስና እቤቷ ወስዳ ብቻዋን በላችው፤ እያለቀሰች ነው የበላችው።

እንግዲህ ሀስና የምትፈልገው ላም አይደለም። ላሟ እስከዛሬ ስንት ጊዜ ወልዳላታለች። የምትፈልገው አንድ ጊዜ በራዊያ ዓይን ፊት እውነተኛ ሆና መታየት ነው። በቪዲዮው ላይ ነጩ እስከ አፍንጫዋ ወርዶ ከታየ ራዊያ ትመጣለች፤ ራዊያ ከመጣች ኢቅራም ትመጣለች።

ችግሩ ኤፍሬም ያን ጊዜ ለባለሰርጎቹ ያስረከበው ባለ ሙዚቃውን፣ ተቆራርጦ ያማረውን ነው፤ እዚያ ላይ ላም የለችም። ያልተቆረጠው አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ኤፍሬም ሱቁን ዘግቶ ሸሸ። ሲመለስ በሩ ተገንጥሎ፣ መደርደሪያው ተገልብጦ፣ ዲስኩን ከፍርስራሹ ስር አገኘው። ይሠራል ብሎ ተስፋ ባይኖረውም መጣሉ ከብዶት በካርቶን አስቀምጦት ቆየ። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለውን የሚያወጡ ሰዎች እንዳሉ የሰማው በቅርቡ ነው። ሀስናን ያስጠራትም ለዚሁ ነበር፤ በየገበያው ቀን እየመጣች "ላሜ የት አለች" እያለች ስታደርቀው የኖረች ደንበኛው እሷ ናትና።

"ይሰማሉ?" አላት ኤፍሬም። ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያያይዘው ቀጭ፣ ቀጭ ይልና ዝም ይላል፤ ደግሞ ቀጭ ይላል። "ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበራ ክብ ሳህን አለ፣ እትዬ ሀስና። የተቀረጸው ሁሉ እሱ ላይ ነው። ከላዩ ደግሞ ሳህኑን ሳትነካ የምታነብ ቀጭን ክንድ አለች። ሲወድቅ የተሰበረችው እሷ ትመስለኛለች። ሳህኑ ካልተቧጨረ ሌላ ክንድ ተክለው ያለውን ያወጡታል። ከተቧጨረ ግን የተቧጨረው ቦታ አይመለስም።"

"ታዲያ ክፈተውና እንየው።"

"እዚህ አይከፈትም። ይሄ የቆቦ አቧራ አንዲት ቅንጣት ከገባችበት ሳህኑን ታርሰዋለች። እነሱ አቧራ የማይገባበት ክፍል አላቸው። ይወጣል አይወጣም የሚለውንም ከፍተው ሲያዩት ነው የሚያውቁት።"

ሀስና ዓይኗን አጥብባ አየችው። ወርቅ ሠሪ እንኳ ወርቁን የሚያቀልጠው ባለቤቱ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ እያየው ነው። ይሄ ምን የሚሉት ሥራ ነው፣ ባለቤቱ በሌለበት፣ በተዘጋ ክፍል፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ?

"ያለፈው ገበያ ከራዊያ ባል ጋር ሻይ ስትጠጣ አይቼሃለሁ" አለችው።

"ስልኩን ጠግኜለት ነዋ። ጋበዘኝ።"

"ትስቁ ነበር።"

"ሰው ሻይ ሲጠጣ ይስቃል፣ እትዬ ሀስና።"

"እሺ፣ ላሟንስ ለምን ቆረጥካት?"

"ሰው ሰርጉ ላይ ማየት የሚፈልገው ሙሽራዋን ነው። ላምማ በየበረቱ አለች።" ኤፍሬም ተንፍሶ ዲስኩን ነቀለው። "ከተጠራጠሩኝ እርስዎው ይዘውት ይቆዩ። እህቴ ቅድስት ከገበያ ቀን በኋላ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ያን ጊዜ ያመጡታል።"

ይህንን ያላት ልቧን ሊያሳርፍላት ብሎ ነው። የሠራው ስህተትም ይሄ ብቻ ነው።

ሀስና ዲስኩን በዘንቢል ይዛ ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ ሐሳቡ ተከተላት። ይዣለሁስ፤ ግን ነገ ከነገ ወዲያ መስጠቴ አይቀርም። እዚያ ደርሶ ቢለወጥስ? የሞተ ዲስክ አምጥተው "የርስዎ ይሄው ነው፤ አልዳነም" ቢሉኝ በምን አውቀዋለሁ? ሁሉም ጥቁርና ብርማ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ወረቀትም ይላጣል። በረቷ ውስጥ ያለ ጥጃ ሁሉ ግራ ጆሮው የተበሳ ነው፤ ከሌላ መንጋ ቢቀላቀል ቀዳዳውን አሳይታ ትነዳዋለች። ያቺ ቦቃ ላም እንኳ ይሄን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው ምልክት ስላልነበራት ነው።

እቤቷ እንደደረሰች ምስማርና መዶሻ ፈለገች። ክዳኑ ስስ ነበር። ማዕዘኑ አካባቢ አንድ ጊዜ መታ፣ ሁለተኛ መታ ስታደርገው ምስማሩ ጥልቅ አለ። ነቀለችው፤ ደህና ቀዳዳ ወጣው። ንጹሕ ሰው ስለሆነች ደግሞ ፍርፋሪው እንዳይቀር እፍ፣ እፍ አለችበት። ከዚያም ምልክቷን ማንም አይቶ እንዳያስመስለው ዲስኩን በአቡጀዲ ጠቅልላ ዙሪያውን ሰፋችው። የዚያን ቀን እንደተኛችው ያለ እንቅልፍ ከተኛች ቆይታለች።

በገበያው ቀን ኤፍሬም የተሰፋውን ጨርቅ አይቶ ሳቀ። ሀስና አልሳቀችም።

"አዲስ አበባ ሳይደርስ ይሄ ስፌት አይፈታም። ማል።"

"እትዬ ሀስና…"

"በሚካኤል በል።"

ኤፍሬም ማለ። መሐላው ባይኖር ኖሮ ጨርቁን ፈትቶ ያየው ነበር፤ የማለ ሰው ግን ምን ያድርግ፣ እንደተሰፋ ካርቶን ውስጥ ከቶ ለቅድስት ሰጣት።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ሀስና ጠዋት ትደውላለች፣ ከሰዓት ትደውላለች። ኤፍሬም ሳያነሳ ሲቀር "ሸሸኝ" ትላለች፤ ቶሎ ሲያነሳ ደግሞ "ምን አዘጋጅቶ ነው እንዲህ የሚፈጥነው" ትላለች። አያ ይማም በሬ ሸጡ ሲባል ሰምታ በሬው ለምን እንደተሸጠ ያወቀች መሰላት። አንድ ቀን ግን እሱ ራሱ ደወለና "ይምጡ" አላት። ድምፁ ደስ አላላትም።

ስትገባ ኤፍሬም አልተነሳላትም። ስልኩን ወደ እሷ አዙሮ አንድ ፎቶ አሳያት። ዲስኩ ነው። ማዕዘኑ ላይ ቀዳዳ አለው።

ሀስና ቀዳዳውን ስታይ ልቧ እርፍ አለ። "የኔው ነው" አለች። "አልተለወጠም።"

ኤፍሬም ስልኩን አስቀመጠ። "እርስዎ ነዎት የበሱት?"

"ምልክት ነዋ።"

"የተሰበረችው ክንዷ ብቻ ነበረች። እሷን ለውጠው ሁሉንም ማውጣት ይችሉ ነበር። ግን ሲከፍቱት ውስጡ የብረት ፍርፋሪ አገኙ። ክዳኑ ሲበሳ የወደቀ ፍርፋሪ። የሳህኑን ላይኛ ገጽ ፈጭቶታል። ከታችኛው ትንሽ ትንሽ ነው ያተረፉት።" ግንባሩን ያዘ። "እዚያ ላይ የስንት ሰው ሰርግ ነበር። የደንበኛዬ የገብረ ማርያም አባት ልጃቸውን ሲመርቁ ያለው ድምፃቸው እዚያ ብቻ ነው የነበረው። ሽማግሌው ሞተዋል። ምን ብዬ ልንገረው?"

ሀስና አንገቷን ደፋች። አፈረች፤ እውነትም አፈረች። ግን ሀፍረቱ ገና ሳይረጋ ያ የለመደችው ነገር ከስሩ ብቅ አለ። ፍርፋሪው ከኔ ምስማር ለመሆኑ ማን አየ? እነሱ ሲከፍቱት አበላሽተውትስ ቢሆን?

"የኔስ?" አለች ቀስ ብላ።

"የርስዎን አስቀድመው እንዲፈልጉ ነግሬያቸው ነበር። ከኒካሁ የተገኘው አጭር ነው። የላሟ ነው።" ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረላት። "እኔ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ይቀመጡ።"

አልተቀመጠችም። ስዕሉ አልፎ አልፎ በቀለም ካሬ ይሰባበራል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። ካሜራው ከማብሰያው ዳስ ጀርባ ነው ያለው። ላሟ በገመድ ተይዛ ስትመጣ ፊቷ ፊት ለፊት ታየ። ቦቃው ከግንባሯ ተነስቶ ከዓይኖቿ መሀል ላይ ያቆማል። ሀስና ተጠግታ አየች። ያቆማል። የያዛት ጎረምሳ ከአንድ ሰው ጋር ሊጨባበጥ ዞር ሲል ላሟ አንገቷን ሰግጋ፣ አፉ ተከፍቶ የቆመ የዱቄት ጆንያ ውስጥ እስከ ዓይኗ ድረስ ጥልቅ አለች። አያ ይማም ከወዲያ እየሮጡ መጥተው በገመዱ ጎተቷት። ስትወጣ ፊቷ ነጭ ነው፤ ከግንባሯ ቦቃ ጋር ተገናኝቶ እስከ አፍንጫዋ ድረስ ነጭ። አያ ይማም በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ፤ ወዲያው ከፊት "ላሟ ትምጣ" ተብሎ ተጮኸ፤ እንደነጣች ነዷት። ጆንያው የሀስና ነበር። ማሽላውን ራሷ ቆማ ነው ያስፈጨችው።

"እኔም ረስቼው ነበር" አለ ኤፍሬም።

ሀስና ወደ እሱ ዞረች። "ዱቄቱን በኮምፒውተር ነው የቀባሃት።"

"ምን?"

"ዘንድሮ ሁሉ ነገር ይቀናበራል። የሞተ ሰው እንኳ በስልክ ሲያወሩት አይቻለሁ። ስንት ሰጡህ?"

ቪዲዮው አልቆመም ነበርና ኤፍሬም በጣቱ ወደ ስክሪኑ ብቻ አመለከታት። ካሜራው ላሟን ተከትሎ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ወደ ሴቶቹ ዳስ ዞሯል። እዚያ ሀስና ራሷ አለች። ፀሐይ ፊቷ ላይ ወድቆባት እጇን ከዓይኗ በላይ ጋርዳ፣ አንገቷን አስግጋ ከሩቅ ታያለች። አጠገቧ ላለችው ሴት አንድ ነገር አለቻት፤ ድምፁ በእልልታው ተውጧል። ከዚያ ጣቷን ከግንባሯ አንስታ እስከ አፍንጫዋ ጫፍ ሳበችው።

ይህንን የሚያቀናብር ሰው የለም። በዚያ ሰዓት ሽማግሌም፣ ክስም፣ ጠብም አልነበረም፤ በላሟ ውበት የተደሰተች የሙሽራ እናት ብቻ ነበረች። ሀስና በእጇ ወንበር ዳብሳ ተቀመጠች።

"ለማን አሳየኸው?" አለች።

"ለማንም። ሌላ ቅጂም የለም። ከፈለጉ በሚሞሪ እሰጥዎታለሁ፤ ካልፈለጉ ደግሞ የርስዎ ጉዳይ ነው።"

በትንሿ ስልኳ ሚሞሪ ላይ ጭኖ ሰጣት። ሀስና ወጥታ መኪና ስትጠብቅ ዘዴው ራሱ መጣላት። ዲስኩ ሞቷል ብል ማን ይጠይቀኛል? ጦርነት ያላጠፋው ምን አለ? ኤፍሬም እንደሆነ የሚያወራ ልጅ አይደለም። ሀሳቡ ጥሩ ነበር፤ እሷም አልናቀችውም። ግን ዲስኩ ሞቷል ካለች ኢቅራ እዚያው ናት፣ እሷም እዚሁ። እውነተኛ ሆና ልጇን መመለስ አልሆነም፤ ተሳስቻለሁ ብላስ? ይህንን አስባው አታውቅም ነበር። ሮቢት ስትደርስ ወደ ቤቷ በሚወስደው ሳይሆን ወደ አያ ይማም ቤት በሚወስደው መንገድ ታጠፈች።

አያ ይማም ግራሩ ስር ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ራዊያ በወፍያ ማሽላ ታነፍሳለች። ሀስና "አሰላሙ አለይኩም" ስትል ወፍያው በራዊያ እጅ ላይ ቆመ። አያ ይማም ሰላምታውን መልሰው፣ ከሀስና ትከሻ በላይ መንገዱን አዩ።

"ማን ተከትሎሻል?"

"ማንም።"

"ፖሊስ ነው ሽማግሌ?"

"ብቻዬን ነኝ አያ ይማም። ላሟ ያችው ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አፉ በሉኝ።"

ራዊያ ቀረብ ብላ እናቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ሀስና ባለወፍጮውን የምታይበት አስተያየት ነበር።

"ዛሬ ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?" አለቻት።

ሀስና ስልኳን አውጥታ ሰጠቻት። ራዊያ ከአያ ይማም አጠገብ ቁጢጥ ብላ አብረው አዩት። ላሟ ጆንያው ውስጥ ስትጠልቅ የሽማግሌው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነበር።

"ይቺን ሌባ እይልኝ" አሉ። "ለካስ እሷ ኖራለች።" ሻሻቸውን ስበው ዓይናቸውን ጠረጉ። "ሀስና፣ አላህ አፉ ይበልሽ፤ እኔ ብያለሁ። ነይ ተቀመጪ።"

ሀስና ልትቀመጥ ስትል ራዊያ አለመሳቋን አየች። ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች ነው።

"ያን ክረምት ላሟን ያለብኳት እኔ ነበርኩ" አለች ራዊያ። "መስከረም ላይ ተለወጠች ስትይ፣ በእጄ ያለብኳት ያችው ናት ብዬ ሰው ልኬብሽ ነበር። አልደረሰሽም?"

"ደርሶኛል።"

"ታዲያ?"

"አስፈራርተው ያናገሩሽ መስሎኝ ነው።"

ራዊያ ስልኩን መለሰችላት። "አሁን ይሄ ነገር ከተሰበረው ዲስክ ባይወጣ ኖሮስ፣ እማ?"

ሀስና ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ኢቅራ ከቤት ወጥታ በእናቷ ቀሚስ ተከልላ ይቺ ሴትዮ ማን ናት ብላ ጠየቀች። "እሷን ጠይቂያት" አለች ራዊያ፣ ዓይኗን ከእናቷ ሳትነቅል።